በአንድ አጭር ምንባብ ሳምንቱን ሙሉ፦ የእንግሊዝኛ ግራመርና ሊትሬቸር መለማመጃ ለተማሪዎች

ሐዋሳ ውስጥ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ጠያቂው ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ወላጆች፣ «ልጄ ቴንስን በቃሉ ይወጣዋል፤ ሦስት መስመር ጻፍ ሲባል ግን እስክሪብቶውን ይዞ ይቀራል። ምን ላድርገው?» ይሉኛል። ተማሪዎቹ ደግሞ፣ «ግራመሩን አውቀዋለሁ፣ ፓሴጅ ሲመጣ ነው የሚጠፋኝ» ይላሉ። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

መመሪያው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላላችሁ ተማሪዎች ነው። 12ኛ ክፍል ደርሳችሁ መሠረቱ ካልያዘላችሁም ከዚሁ ጀምሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ግራመርን ለብቻ፣ ሊትሬቸርን ለብቻ አታጠኑም። አንድ አጭር ምንባብ ትይዛላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ትገለብጣላችሁ፣ ትፈታላችሁ፣ ትለውጣላችሁ፤ በመጨረሻ በእሱ ልክ የራሳችሁን ትጽፋላችሁ። ሕጉ ከዓረፍተ ነገር ጋር ካልተያዘ ስትጽፉ አይመጣላችሁም።

የእንግሊዝኛውን ቃል እዚህ እንደ ድምፁ በእኛው ፊደል አስፍሬዋለሁ። ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል መልሳችሁ ጻፉት፣ ከዚያ በመዝገበ ቃላት አረጋግጡ። ይሄ ራሱ የስፔሊንግ ልምምድ ይሆናችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር። ከፊት በኩል ልምምድ፣ ከኋላ በኩል ስህተት ይጻፍበታል።
- ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ። ቀዩ ለእርማት ብቻ ነው።
- የክፍላችሁ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ። ያለፈው ዓመት መጽሐፍ ካለም አትጣሉት፣ ለጀማሪ እንዲያውም እሱ ይሻላል።
- መዝገበ ቃላት። የግሶችን ሦስት ቅርጽ የያዘ ሰንጠረዥ ከኋላው ካለው ይመረጣል።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። ከቤተሰብ ለአምስት ደቂቃ መዋስ ይበቃል፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።
- በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሻላል፤ ትናንት የነካችሁትን ዛሬ መልሳችሁ ስትነኩት ነው የሚጸናው።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የግራመር ፒዲኤፍ ዝርዝሩ ውስጥ ያላስገባሁት ረስቼ አይደለም። ጥያቄና መልስ ብቻ ነው። መልሱ «ሲ» መሆኑን ይነግራችኋል፣ ለምን «ሲ» እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

መለማመጃ ምንባባችን

ለዚህ መመሪያ እንዲሆን ይቺን ጻፍኩ፦

«ሰላም ሊቭስ ኒር ዘ ሌክ። ኤቭሪ ሞርኒንግ ሺ ዎክስ ቱ ዘ ፊሽ ማርኬት ዊዝ ኸር ፋዘር። ዘ ቦትስ ካም ባክ ኧርሊ፣ ኤንድ ዘ በርድስ ዌይት ፎር ዘም ላይክ ከስተመርስ። ኸር ፋዘር ክሊንስ ዘ ፊሽ፣ በት ሺ ካውንትስ ዘ መኒ። ሺ ኔቨር ስማይልስ አንቲል ዘ ባስኬት ኢዝ ኤምፕቲ።»

ሰላም ሐይቁ አጠገብ ነው የምትኖረው። በየማለዳው ከአባቷ ጋር ወደ ዓሣ ገበያ ትሄዳለች። ጀልባዎቹ በጠዋት ይመለሳሉ፣ ወፎቹም እንደ ደንበኛ ይጠብቋቸዋል። ዓሣውን የሚያጸዳው አባቷ ነው፣ ገንዘቡን የምትቆጥረው ግን እሷ ናት። ቅርጫቱ ባዶ እስኪሆን ፈገግ አትልም።

ደረጃ 1፦ ልክ የሆነ ምንባብ ምረጡ

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ምንባቡን ከመጽሐፋችሁ ታወጣላችሁ። ከአምስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የማታውቁት ቃል ከአንድ ከበለጠ ይለፋችሁ፣ ሌላ ፈልጉ። ምክንያቱም ቃል ስትፈልጉ ጊዜው ያልቅና ግሱን ሳታዩት ትዘጉታላችሁ። ከክፍላችሁ ዝቅ ያለ መጽሐፍ መጠቀም ክብር አይነካም።

ደረጃ 2፦ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ገልብጡ

መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሦስተኛውን ስልክ ላይ ቅዱ። ከዚያ መጽሐፉን ሳትነኩ ድምፃችሁን እየሰማችሁ ጻፉ። በመጨረሻ መጽሐፉን ከፍታችሁ በቀይ አርሙ።

አማርኛን እንደምንናገረው ነው የምንጽፈው። እንግሊዝኛ እንደዚያ አይደለም። ስንሰማ የሌለ ፊደል ሲጻፍ ብቅ ይላል፤ «ናይፍ» የሚለው ቃል በ«ኬ» ይጀምራል ቢባል ማን ያምናል? ይሄ የሚያዘው በጆሮ ብቻ ሳይሆን በእጅም ነው።

ስታርሙ ሁለት ነገር በተለይ ተመልከቱ። አንደኛው ትልቁ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እጃችን ይረሳዋል። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የሰውና የቦታ ስም፣ የቀናትና የወራት ስም፣ እንዲሁም «አይ» የሚለው ተውላጠ ስም የትም ቦታ ቢገባ በትልቁ ይጻፋሉ። ሁለተኛው ነጥቡ ነው። አራት ነጥብ ልማድ ሆኖባችሁ እንግሊዝኛ ላይ ሁለት ነጥብ የምታስቀምጡ አላችሁ። አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ግሱንና ባለቤቱን አገናኙ

በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግሱን አስምሩበት። ከዚያ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁና ባለቤቱን ክበቡት። በምንባባችን ስምንት ግስ አለ፦ ሊቭስ፣ ዎክስ፣ ካም፣ ዌይት፣ ክሊንስ፣ ካውንትስ፣ ስማይልስ፣ ኢዝ።

አሁን እዩ። ከ«ኢዝ» ሌላ አምስቱ መጨረሻቸው ላይ «ኤስ» አለ፤ «ካም» እና «ዌይት» ላይ የለም። ባለቤታቸው ጀልባዎቹና ወፎቹ፣ ማለትም ብዙ ስለሆኑ ነው። ባለቤቱ አንድ ሲሆን (ከ«አይ» እና «ዩ» በስተቀር) «ኤስ» ግሱ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ላይ ይወጣል። ይህን በዓይናችሁ ስታዩት ከሕጉ ይልቅ ይቀላችኋል።

ቀጥሎ ግሱ የት እንደተቀመጠ ተመልከቱ። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው። ሲዳሙ አፎም፣ ወላይትኛም፣ አፋን ኦሮሞም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ሐዋሳ ውስጥ ቤቱ ማንኛቸውንም ቢናገር ተማሪው የሚገጥመው ችግር አንድ ነው፦ እጁ ግሱን ወደ መጨረሻ ይገፋዋል። እንግሊዝኛ ባለቤት፣ ግስ፣ ከዚያ የቀረው ብሎ ነው የሚሄደው።

ደረጃ 4፦ ምንባቡን ለውጡት

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ሁለት ቀን ስጡት፤ አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ሀ. ሰላምን በ«አይ» ተኩ። «አይ ሊቭ ኒር ዘ ሌክ። ኤቭሪ ሞርኒንግ አይ ዎክ ቱ ዘ ፊሽ ማርኬት ዊዝ ማይ ፋዘር።» ወጥመዱ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ብዙ ልጆች «ኤስ»ን ከሁሉም ላይ እየቀደዱ ይወርዱና «ማይ ፋዘር ክሊን» ብለው ያርፉታል። አባትየው አልተቀየሩም፤ «ማይ ፋዘር ክሊንስ» እንዳለ ይቀራል። ይህን ልምምድ የምወደው ለዚሁ ነው፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳያስቡ መሥራት አይቻልም።

ለ. ወደ ኃላፊ ጊዜ ውሰዱት። ሊቭድ፣ ዎክት፣ ኬም፣ ዌይትድ፣ ክሊንድ፣ ካውንትድ፣ ስማይልድ፣ ዎዝ ይሆናሉ። «ዎክት» በ«ት» ቢሰማም የሚጻፈው በ«ኢዲ» ነው። «ኬም» እና «ዎዝ» ደግሞ ሕግ አይከተሉም። እንዲህ ዓይነቶቹን ግሶች ከሰንጠረዥ በመቶዎች ከመሸምደድ በየሳምንቱ ምንባባችሁ ውስጥ ያጋጠሟችሁን ብቻ ያዙ።

ሐ. አፍርሱትና ጠይቁት። «ሺ ዎክስ» የሚለው «ሺ ዳዝ ኖት ዎክ» ይሆናል፤ ሲጠየቅ «ዳዝ ሺ ዎክ?»። «ኤስ» ከግሱ ተነስቶ «ዳዝ» ላይ ሄዷል፣ ሁለቱም ላይ አይኖርም። በኃላፊ ጊዜም ያው ነው። «ዲድ ሺ ዌንት?» የሚል ጥያቄ ስህተት ነው። «ዲድ» አንዴ ኃላፊነቱን ስለተሸከመው ግሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፦ «ዲድ ሺ ጎ?»

መ. ተደራጊ አድርጉት። «ኸር ፋዘር ክሊንስ ዘ ፊሽ» የሚለው «ዘ ፊሽ ኢዝ ክሊንድ ባይ ኸር ፋዘር» ይሆናል። ለጊዜው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሠ. ንግግር ጨምሩበት። በአማርኛ፣ «ሰላም ገንዘቡን እኔ እቆጥራለሁ አለች» እንላለን። «እኔ» የተባለችው ሰላም መሆኗ ግልጽ ነው፣ ማንም አይሳሳትም። ይህንኑ ይዘው «ሰላም ሰይድ ዛት አይ ዊል ካውንት ዘ መኒ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ገንዘቡን የሚቆጥረው ጸሐፊው ነው ብሎ ይረዳዋል። ወይ ንግግሯን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ አስቀምጡት፤ ወይ ደግሞ «ሰላም ሰይድ ዛት ሺ ዉድ ካውንት ዘ መኒ» በሉ። «አይ» ወደ «ሺ»፣ «ዊል» ወደ «ዉድ» ይቀየራል። አስተማሪ ሕጉን ሲናገር የሚከብደው ነገር እንዲህ ሲታይ ብዙም አይከብድም።

ደረጃ 5፦ ከአማርኛ የሚመጡትን ወጥመዶች ለይታችሁ ተለማመዱ

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከስንፍና የሚመጡ አይደሉም። አማርኛችን ትክክል ስለሆነ ነው የሚመጡት። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ቁጥር፦ በአማርኛ «ሦስት ልጅ አለው» ብንል ማንም አይቆጣም። በእንግሊዝኛ ግን ከአንድ ካለፈ ስሙ መብዛት አለበት፦ «ስሪ ችልድረን»።

ባለቤት፦ «እየዘነበ ነው» ስንል ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ተደብቋል። እንግሊዝኛ መደበቅ አይወድም። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ማለት ግድ ነው።

«በ»፦ አንዷ ፊደል ለእኛ ብዙ ትሠራለች። በጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ በሰኞ ዕለት «ኦን መንደይ»፣ በባጃጅ «ባይ ባጃጅ»፣ በቢላ «ዊዝ ኤ ናይፍ» ነው። እነዚህን ለብቻቸው አትሸምድዱ፤ ከስሙ ጋር አንድ ላይ አድርጋችሁ ያዙ።

ሰዓት፦ «በ2 ሰዓት ትምህርት ቤት እገባለሁ» የሚለውን «አት ቱ» ብትሉት አንባቢው ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ጨምሩበት፣ «አት ኤይት ኦክሎክ»። ከ6 ሰዓት በላይ ሲሆን ደግሞ ስድስት ቀንሱ፤ 9 ሰዓት «ስሪ ኦክሎክ» ነው።

«ምንም እንኳ… ግን»፦ እኛ ሁለቱንም እናስገባለን። እንግሊዝኛ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው። «አልዞው» ካላችሁ «በት» አትድገሙ።

አዎንና አይደለም፦ «አልበላህም?» ሲባል «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። በእንግሊዝኛ ካልበላችሁ መልሱ «ኖ፣ አይ ዲድንት» ነው። የንግግር ጥያቄ ላይ ይህ ብዙ ነጥብ ይበላል።

ሕመም፦ «ራሴን አመመኝ» ቃል በቃል አይሄድም። «አይ ሃቭ ኤ ሄድኤክ» በሉ።

ቆይታ፦ «ሐዋሳ መኖር ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው» ሲባል «ነው» የሚለው የአሁን ጊዜ ያስመስለዋል። እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ሐዋሳ ፎር ስሪ ይርስ» ነው። የቆይታው ርዝመት ሲነገር «ፎር»፣ የተጀመረበት ጊዜ ሲነገር «ሲንስ»።

ደረጃ 6፦ ምንባቡን እንደ ሊትሬቸር ጠይቁት

ሊትሬቸር ሲባል የሚደነግጥ ልጅ አይቻለሁ። ግማሹን እኮ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተምራችሁታል! ገጸ ባሕርይ «ካራክተር» ነው፣ መቼት «ሴቲንግ»፣ ጭብጥ «ቲም»፣ ተነጻጻሪ ዘይቤ «ሲሚሊ»፣ ተለዋጭ ዘይቤ «ሜታፎር»፣ ሰውኛ «ፐርሶኒፊኬሽን»። ስሙን ብቻ ነው የምትቀይሩት።

አራት ጥያቄ ጠይቁ። ታሪኩ ውስጥ ማን አለ? የትና መቼ ነው? የሚያስጨንቀው ነገር ምንድን ነው? ጸሐፊው ለምን እንዲህ አለ? ለእያንዳንዱ መልስ ማስረጃውን ምንባቡ ውስጥ በጣታችሁ ጠቁሙ። ጣታችሁ የሚያርፍበት ካጣ መልሱ ከምንባቡ ሳይሆን ከራሳችሁ የመጣ ነው።

እንሞክረው። ሰላም ለምን ፈገግ አትልም? አንድ ተማሪ «ዓሣ ስለማትወድ» ሊል ይችላል። ምንባቡ ግን ይህን አላለም። ያለው ገንዘቡን የምትቆጥረው እሷ መሆኗንና ፈገግታዋ ቅርጫቱ ባዶ እስኪሆን እንደሚቆይ ነው። ስለዚህ ዓሣው ይሸጥ ይሆን ብላ የምታስብ፣ የቤቱ ኑሮ ያሳሰባት ልጅ ናት። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አጋጥመን ነው ያገኘነው። ፈተና ላይ «ኢንፈር» ሲባል የሚጠየቀው ይኸው ነው።

መልሱን ለመጻፍ ይህን ቅርጽ ተጠቀሙ፦ «አይ ቲንክ ሰላም ኢዝ ወሪድ ቢኮዝ ሺ ካውንትስ ዘ መኒ ኤንድ ኔቨር ስማይልስ አንቲል ዘ ባስኬት ኢዝ ኤምፕቲ።» ሐሳብ፣ ከዚያ «ቢኮዝ»፣ ከዚያ ማስረጃ።

ዘይቤውንም አትለፉት። «ላይክ ከስተመርስ» የሚለው ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። ሐዋሳ ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዳችሁ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከዓሣ አጽጂዎቹ ጎን ቆመው ሲጠብቁ ካያችሁ ለምን ደንበኛ እንደተባሉ አይጠፋችሁም። «ላይክ»ን አውጡና «ዘ በርድስ አር ከስተመርስ» በሉት፣ ተለዋጭ ሆነ። እዚህ ያለው «ላይክ» መውደድ ማለት አለመሆኑንም ልብ በሉ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከፓሴጅ አይቀርም፦ «ዘም» ማንን ያመለክታል? ወፎቹን የሚሉ አሉ፣ ቅርብ ስለሆነ። ወፎቹ ግን ራሳቸውን አይጠብቁም። ጀልባዎቹን ነው። ተውላጠ ስሙን አውጥታችሁ ስሙን ተኩበትና አንብቡት፤ ትርጉም ከሰጠ ልክ ነው።

ግጥም ከሆነ በየስንኙ መጨረሻ አትቁሙ፤ ነጥቡ ወይም ኮማው ያለበት ቦታ ቁሙ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ስንኝ ሊወስድ ይችላል።

ደረጃ 7፦ በምንባቡ ልክ የራሳችሁን ጻፉ

አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ። አጥንቱን ከምንባቡ ውሰዱ፣ ሥጋውን ከራሳችሁ። መናኸሪያ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ «ዮናስ ሊቭስ ኒር ዘ በስ ስቴሽን» ብላችሁ ጀምሩ። እናቱ ቡና ታፈላለች፣ እሱ ሲኒ ያጥባል፣ ወይም የፈለጋችሁትን። አንድ ተነጻጻሪ ዘይቤ ይኑርበት።

በአማርኛ ጽፋችሁ ወደ እንግሊዝኛ አትመልሱ። ያን ካደረጋችሁ ደረጃ 5 ላይ ያሉት ወጥመዶች በሙሉ ተሰልፈው ይመጣሉ። ቃል ከጠፋባችሁ የምታውቁትን ቀላል ቃል ተኩ።

ደረጃ 8፦ የስህተት ገጽ

ከደብተሩ ኋላ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የጻፍኩት፣ ትክክሉ፣ ለምን። በቀይ የታረመው ሁሉ እዚህ ይገባል። «ለምን» የሚለው ዓምድ ባዶ ከቀረ እርማቱ አልገባችሁም ማለት ነው፣ አስተማሪያችሁን ጠይቁ። እሑድ እሑድ ገጹን አንብቡ። አንድ ስህተት ሦስት ጊዜ ከተመዘገበ ለእሱ ብቻ አምስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ጥንቃቄ

- የስልክ ተርጓሚን ለአንድ ቃል ተጠቀሙ፤ ለአንቀጽ ግን አይሆንም። ሥራውን እሱ ከሠራው የሚለማመደው እሱ ነው።
- እዚህ ያለውን የድምፅ አጻጻፍ ደብተር ላይ አታስቀሩት። «ዘ ሌክ» ብሎ በአማርኛ ፊደል መጻፍ የለመደ ልጅ ፈተና ላይ ስፔሊንግ ያጣል።
- ደረጃ 4ን ዘላችሁ ወደ ጥያቄና መልስ ወረቀት አትሩጡ። ወረቀቱ የሚጠቅመው ሳምንቱ ሲያልቅ፣ የያዛችሁትን ለመፈተን ነው።
- ፓሴጅ ስትሠሩ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን አንብቡ፣ ከዚያ ምንባቡን። «ኖት» እና «ኤክሴፕት» የሚሉትን ቃላት አስምሩባቸው፤ የሚያውቀውን ጥያቄ በእነሱ ምክንያት የሚስት ተማሪ ብዙ ነው።

ለወላጆች

እንግሊዝኛ ባትችሉም መርዳት ትችላላችሁ። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ ስሙት። ከዚያ ታሪኩን በምትግባቡበት ቋንቋ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። መንገር ካቃተው አልገባውምና ወደ ደረጃ 1 ተመልሶ ቀለል ያለ ምንባብ ይምረጥ። እሑድ ማታ የስህተቱን ገጽ እዩለት። ቀይ መብዛቱን አይታችሁ አትቆጡ፤ ሦስተኛው ዓምድ መሞላቱን ብቻ ተመልከቱ።